የእትዬ ፍሬን ልጅ የጠዋት ቁርጠት

የመኪና ማሽከርከር አስተማሪዋን ተማሪዎቿ በስሟ አይጠሯትም፤ «እትዬ ፍሬን» ነው የሚሏት። ከጎናቸው ተቀምጣ «ፍሬን! ኧረ ፍሬን ያዝ! ግድግዳው ላንተ ብሎ አይሸሽም!» ስትል ድምፅዋ በተዘጋ መስኮት አልፎ መንገደኛ ያስደነግጣል። ክፋት ግን አልፈጠረባትም። ጮሃ ስታበቃ ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ «በል አፍህን አጣፍጥና እንደገና ሞክር» ትላለች።

ከቧንቧ ሠራተኛ ባሏ ጋር አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ አሥራ ሦስት ዓመቷን የያዘች፣ እንደ ሸምበቆ የተመዘዘች፣ አፏን ከእናቷ የወረሰች። እናትና ልጅ ወሬ ከጀመሩ አባትየው ጣልቃ አይገባም። «እኔ እዚህ ቤት ተከራይ ነኝ፤ ባለቤቶቹ ሲነጋገሩ ምን አገባኝ» ይል ነበር።

ልጅቷ ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ከተዛወረች ወዲህ ግን ወሬው እየቀጠነ ሄደ። መጀመሪያ ሰኞ ጠዋት «ሆዴን ቆረጠኝ» አለች። ቀጥሎ ማክሰኞም ተጨመረ፤ ከዚያ ሐሙስ። ቅዳሜና እሁድ ሆዷ ደህና ነው። በመጨረሻ የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ፣ ሌላኛውን ማስገባት አቅቷት አልጋ ጠርዝ ላይ በላብ ተጠምቃ የምትቀርባቸው ጠዋቶች በዙ።

ወደ ክሊኒክ ተወሰደች። ደም ተቀዳ፣ ሽንት ታየ፣ ሆዷ በአልትራሳውንድ ተፈተሸ። ሐኪሙ ውጤቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ሆዷ ጤነኛ ነው» አለ።

«ታዲያ እንዲህ የሚያሠቃያት ምንድን ነው?»

«ጭንቀት ይመስለኛል። የልጆች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ብታያት ጥሩ ነው።»

የእትዬ ፍሬን ጆሮ ጭው አለ። «ዶክተር፣ ልጄን ሆዷን ነው ያመማት። አእምሮዋን መቼ አልኩዎት?» ብላ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

የእትዬ ፍሬን ታላቅ ወንድም ሶፋ ሠሪ ነው፤ ምክር ሲጠየቅም ሳይጠየቅም ይሰጣል። ነገሩን ሲሰማ መዶሻውን አስቀመጠና ሳቀ። «በኛ ጊዜ ጭንቀት ነበር እንዴ? ለመጨነቅስ መች ጊዜ ነበረን! አንድ ጠዋት ቆጣ በይባት፣ ቁርጠቱ እግሬ አውጪኝ ይላል።»

ቆጣ አለች። ቁጣ ደግሞ ሙያዋ ነው። ልጅቷ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ተጎተተች፤ እዚያ ስትደርስ እናቷ ጫማ ላይ አስታወከች። እትዬ ፍሬን ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስትጠርግ ቀና ብላ የልጇን ፊት አየች። ይህ የሰነፍ ፊት አይደለም። የፈራ ሰው ፊት በየቀኑ መሪ ይዞ ከጎኗ ይቀመጣል፤ እንዴት ይጠፋታል? እጇን ይዛ ወደ ቤት መለሰቻት።

የባለሙያ ፍለጋው ከዚያ ቀን ጀመረ። የትምህርት ቤቱን የምክር አገልግሎት ክፍል ጠየቀች፤ ምልክቱ በሩ ላይ አለ፣ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበርና አየር የጎደለው ኳስ ሞልቶታል። አማካሪው ሌላ ቦታ ከተዛወሩ ቆይተዋል። ትልቁ ሆስፒታል ደወለች፤ «የምናየው አዋቂዎችን ነው» አሏት። አንዲት ጎረቤት የባለሙያ ነው ብላ የሰጠቻት ስልክ ላይ ደግሞ ሰላምታ እንኳ ሳታስጨርስ የልጇን ችግር ከሀ እስከ ፐ ዘረገፈችው። ሰውየው ሁሉንም በትዕግሥት አዳመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ፣ እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ቁጥር ተሳስተው ነው።»

«ውይ፣ በሞትኩት!»

«ምንም አይደል። ልጅቷን ግን እንዳይተዉአት። እግዜር ይማርልዎ።»

ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሥራዋ ሄደች።

በዚያ ሰሞን ከምታስተምራቸው አንዱ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ነበሩ። በስተርጅና ለምን መንዳት እንደሚማሩ ሲጠየቁ «ምራቴ ስትነዳ ስለምፈራ» ይላሉ። አነዳዳቸው ከቀስታው ብዛት ብስክሌት ይቀድማቸዋል። በዚያ ጠዋት አደባባይ ላይ ሞተር ጠፋባቸው፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ክላክስ አቀለጠው፤ እሳቸውም ጩኸቱን ጠብቀው ትከሻቸውን ሰበሰቡ። ከጎናቸው ግን ድምፅ የለም። እንደ ምንም አስነሥተው፣ ፍሬቻ አሳይተው፣ ዳር ይዘው ቆሙ።

«ልጄ፣ ዛሬ አልጮህሽብኝም። አሞሻል እንዴ?»

ያ ጥያቄ በቃት። ቁርጠቱን፣ በሩ ላይ የሆነውን፣ የኳሱን ክፍል፣ ፍሪጅ ጠጋኙን ሳይቀር ተናገረች። ፍሪጅ ጠጋኙ ላይ ስትደርስ ሽማግሌውን ሳቅ አፈናቸው፤ ይቅርታ ጠይቀው ደግሞ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች።

«የልጄ ልጅ እኮ እንዲሁ ነበር» አሉ ከዚያ። «ያን የሚያህል ጎረምሳ ከክፍሉ አልወጣ ብሎ ስንት ወር አስለቀሰን። ከገበያው ጀርባ ያለውን ጤና ጣቢያ ታውቂዋለሽ? ፎቅ ላይ፣ ከክትባት ክፍሉ አጠገብ፣ የልጆችና የወጣቶች አማካሪ አለች። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወረፋ አለው፣ ግን ይደርሳል።»

«አባባ… ሰው ቢያየንስ?»

«እኛን ያየን ሰው አለ። እሱም የራሱን ልጅ ይዞ ነበር የመጣው።»

ተመዝግበው ተራቸው እስኪደርስ እትዬ ፍሬን ንግግሯን ስታዘጋጅ ሰነበተች። ቀኑ ደርሶ ሲገቡ ግን አማካሪዋ፣ ሸራ ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት፣ ወደ ልጅቷ ዞረችና «ሆድሽ ሲነሣብሽ ምን ይመስላል? ልትስዪልኝ ትችያለሽ?» አለቻት። ልጅቷ ሳለች፤ ፀጉሩ የቆመ፣ ጥርሱ የገጠጠ ድመት። እናትየው «የኔ ልጅ እኮ ከትንሽነቷ ጀምሮ…» ብላ ስትነሣ አማካሪዋ በፈገግታ አቋረጠቻት።

«እማማ፣ የርስዎን በኋላ በደንብ አዳምጣለሁ። አሁን ትንሽ ውጭ ይጠብቁን?»

ከስብሰባ እንደተባረረ ሰው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች። ምንም የለም። እንደገና አስጠጋች። ከውስጥ የልጇ ሳቅ ተሰማ፤ ያ ከጠፋ የከረመው ጥርስ ሁሉ የሚታይበት ሳቅ። አጠገቧ ለክትባት ሕፃን ይዛ የተቀመጠች ሴት ሶፍት አቀበለቻት።

በኋላ አማካሪዋ እናትን ጠርታ አስረዳቻት። ቁርጠቱ ውሸት አይደለም፤ ፍርሃት ሲበዛ ሆድን የምር ያሳምማል። ደግሞም ይታከማል። ትምህርት ቤቱን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ይለማመዱታል፤ እሷም ከክፍል ኃላፊዋ ጋር ትነጋገራለች። «ከርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለች። «ልጅቷ ስትናገር ምክር ሳይሰጡ እስከ መጨረሻው ይስሙ።»

«ይሄማ ቀላል ነው» አለች እትዬ ፍሬን። ልጅቷ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች።

ፈተናው ግን ሩቅ አልነበረም። ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ልጅቷ ሳትጠየቅ ጀመረች። አዲሱ ትምህርት ቤት እንደገባች ቆመሽ ጮክ ብለሽ አንብቢ ተባለች፤ መሐል ላይ ድምፅዋ ሰልሎ እንደ ጫጩት ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሪደር ላይ ባለፈች ቁጥር «ጫጩት መጣች» ይባላል። እትዬ ፍሬን የእነዚያን ልጆች ወላጆች አንድ በአንድ እጠራቸዋለሁ የሚለው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ምላሷን ነከሰች። መሪውን ጨብጣ «እሺ…ከዚያስ?» ብቻ አለች። ልጅቷ ሰፈር እስኪደርሱ አወራች።

ልምምዱ ከበሩ ጀመረ። መጀመሪያ በሩን ነክቶ መመለስ፤ ቀጥሎ አንድ ክፍለ ጊዜ፤ ከዚያ እስከ ዕረፍት። እናትየው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ስትላት ልጅቷ «እማ፣ ለጫጩት እንቁላል ትተርቺባታለሽ?» ብላ መለሰችላት። በጫጩት ስሟ ራሷ መቀለድ መጀመሯን ሲያዩ አባትና እናት ተያይተው ሳቁ።

እናትየው ሥራ በሚይዛት ጠዋት የሚያደርሳት ሶፋ ሠሪው አጎቷ ሆነ። እያጉረመረመ ጀመረ። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ልጅቷ እጁን ጭምቅ አድርጋ ስትይዘው እሱም ልጅ ሳለ መንተባተብ እንደነበረበት፣ አስተማሪ እንዳይጠራው ዴስክ ሥር እርሳስ እየፈለገ ይውል እንደነበር ነገራት። ማታ ለእህቱ ደወለ።

«ያቺ አማካሪ የምታየው ልጆችን ብቻ ነው እንዴ?»

«ምነው?»

«አይ… እንዲያው ነው።»

መንገዱ ሁሉ አስፋልት አልነበረም። አንድ ሰኞ ቁርጠቱ ተመልሶ አልጋ ላይ አስቀራት፤ እትዬ ፍሬንም «አለቀልን» ብላ ወደ ጤና ጣቢያው ደወለች። አማካሪዋ አልደነገጠችም። «ይህ የሚጠበቅ ነው። ማክሰኞ ደግሞ አለ» አለቻት። ማክሰኞ ልጅቷ ሄደች። የክፍል ኃላፊዋ ኮሪደር ላይ የሚያሾፉትን ጠርተው አነጋገሯቸው፤ ንባቡን ደግሞ ከሦስት ልጆች ጋር በቡድን እንድትጀምር አደረጉ። ወሩ ሲያልቅ ሙሉ ሳምንት ተማረች። ሆዷ አልፎ አልፎ መነሣቱን አልተወም፤ እሷ ግን «ድመቷ ተነሣች» ብላ ረጅም ትንፋሽ ትወስድና ጫማዋን ታጠልቃለች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷ ብቻዋን ፎቅ ወጣች። እናትየው መኪና ውስጥ ስትጠብቅ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት። መስኮቱ ሲንኳኳ ብትነቃ ልጇ አንዲት ዓይን አፋር ልጅ አስከትላ ቆማለች፤ ከኋላቸው ደግሞ የዓይን አፋሯ ልጅ አባት ባርኔጣውን በእጁ ያገላብጣል።

«እማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የመጡት። ሰፈራችን ናቸው። እናድርሳቸው?»

«ግቡ ግቡ! ምን ያስጠይቃል!»

እንግዳው አባት ከፊት ተቀመጠ። ከኋላ ልጇ ያለ ፋታ ታወራለች፤ የትኛው አስተማሪ ደግ እንደሆነ፣ አማካሪዋ እንዴት መሳል እንደማትችል። ገበያውን ሲያልፉ አንድ ቀጭን ድምፅ «እውነትሽን ነው?» አለ፤ ከዚያ ሁለቱም እኩል መናገር ጀመሩ። አባትየው አንገቱን ሊያዞር ሲል እትዬ ፍሬን በዓይኗ ከለከለችውና አጭሩን መንገድ ትታ በረጅሙ ታጠፈች።