ሁለት ገመድ፣ አንድ ባሕር ዛፍ

ቡታጅራ ውስጥ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ካገኛችሁ «ገመዷ የት ናት?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ቤቴ ድረስ ያመጣችኋል። ይህን ቅጽል ያወጡልኝ ሰውዬ ዛሬ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። አንቱ የምላቸው ከልማድ ነው፤ ከአክብሮት አይደለም።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ሒሳብ ያስተምሩን ነበር። አንድ ቀን «ቬክተር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ።

«ሰው የሚጎትተው ገመድ ነው» አልኩ። «ወዴት እንደሚጎትትና ምን ያህል አጥብቆ እንደሚጎትት፣ ሁለቱም ካልታወቀ ምንም አልተባለም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ የማልረሳው የእሳቸውን ሳቅ ነው።

«ቬክተር ቀስት ነው! ገመድሽን ይዘሽ ሂጂና ጥጃ እሰሪበት!»

በኋላ እኔም የሒሳብ መምህር ሆንኩ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ቬክተርን ያስተማርኩት በገመድ ነው። ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። ለምን ብዬ?

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ፣ አጥራችን ሥር የበቀለውን ባሕር ዛፋቸውን ሊቆርጡ ተስማሙ። እንሰቴን ውኃ እየነሳው ለዓመታት ለምኛቸዋለሁ። ጭንቁ አወዳደቁ ላይ ነበር። በቀኝ የእኔ ማድቤት፣ በግራ የእሳቸው ጓሮ፣ መሃል ላይ ባዶ ሣር። ስለዚህ ከዛፉ አናት ላይ ሁለት ገመድ ታሰረ። የሰፈሩ ሰው ለሁለት ተከፍሎ አንዱን በእኔ በኩል፣ ሌላውን በእሳቸው በኩል እኩል ይጎትታል፤ ዛፉም መሃል ሣሩ ላይ ይተኛል።

«ዓርብ አይሁን ጋሼ» ብያቸው ነበር።

«አንቺ ደግሞ!» አሉኝ።

ያን ዓርብ ረፋዱን በሙሉ መሬት ላይ ቀስት በእንጨት ሲሥሉ አረፈዱ። ጎታቾቹ ገመድ ይዘው ያዛጋሉ። መጋዙ ግንዱን መብላት እንደጀመረ አዛን ተሰማ። በጓሮው በኩል የያዙት አብዛኞቹ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

«ጋሼ፣ ሰግደን እስክንመጣ ይጠብቁን» አሉ።

«ሂዱ፣ ሂዱ! ቀስቱ እንዳለ ነው» ብለው መጋዙን አስቀጠሉ።

ግንዱ ተንቋቋ። ያ ሁሉ ቁመት ወደ ማድቤቴ ዘንበል ማለት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ያስቁሙት!»

«ምን ሆንሽ? ይኸው እይ፣ አቅጣጫው ያው ነው!» ብለው የሣሉትን በከዘራቸው ያሳዩኛል።

«አቅጣጫውማ አለ፤ መጠኑ ነው ጁምዓ የሄደው!»

በእኔ በኩል የያዙት ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። «ግማሻችሁ ወደዚያኛው ገመድ ሩጡ!» ብዬ ጮህኩ፤ ነጠላዬን ጥዬ እኔም ሮጥኩና ያዝኩ። ሳብን። ዛፉ ትንሽ አመነታ፣ ከማድቤቴ ፊቱን መለሰ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተዘረጋ። ቆርቆሮዬን የነካው ቅጠል ብቻ ነው።

ሰጋጆቹ ሲመለሱ ቆመው አዩት።

«ማሻ አላህ! ማነው እንዲህ ያስተካከለው?»

የሰፈሩ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ይህን ቀን ስጠብቅ አርጅቻለሁ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ጋሼ ደረታቸውን ነፉ።

«እሷ ናት። ተማሪዬ እኮ ናት! ቬክተር ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ሰዉ አጨበጨበ፤ ለእሳቸው! ዓርብ ስለሆነ ክትፎ የለም፤ ጎመን በቆጮ ቀረበ። እኔም በላሁ፤ ደግሜም አስጨመርኩ። ከዚያ አንዱን ገመድ ጠቅልዬ ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ገመዱ የእሳቸው ነው። በመጀመሪያ ሰው ላኩ፤ ቀጥሎ ራሳቸው አጥሩ ጋ መጥተው «ገመዴ አንቺ ጋ ይሆን?» አሉኝ።

«ጥጃ አስሬበታለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

ጥጃ የለኝም። ገመዱ ማድቤቴ ውስጥ ተሰቅሏል።