እርሾ የማይውጥ ደም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእርስዎ ልናገር፣ አንባቢዬ፤ ሲሰሙ ግን አይዘኑልኝ።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ በአንድ ሐኪም ቤት የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። ኦቦ ገመዳ የሚባሉ የቆቃ ዓሣ አስጋሪ በየወሩ ለምርመራ ደም ሊሰጡ ይመጡ ነበር። ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ነበረባቸው፤ ነጭ የደም ሴላቸው ከልክ በላይ በዝቷል። ነጭ ሴል በሽታን የሚዋጋ ወታደር ነው ተብዬ ተምሬአለሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ ወታደር እያላቸው ትኩሳት ለምን አይለቃቸውም? ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

ማንንም ሳላስፈቅድ ሞከርኩት። ሚስቴ ዳቦ ከምታቦካበት እርሾ ቆንጥሬ ከራሴ ደም ጋር ቀላቀልኩ፤ ከእሳቸውም ጋር። በማይክሮስኮፕ ሳይ የእኔ ሴሎች እርሾውን እየከበቡ ይውጡታል። ጉድ እኮ ነው! የእሳቸው ግን ለሰልፍ እንደተጠራ ቀበሌ ሜዳውን ሞልተው ቆመዋል፤ የሚሠራው አንድ ሁለት ነው። ደስ አለኝ። አዎ፣ በሰው ሕመም ደስ አለኝ። ለሐኪሙ መንገር ሲገባኝ፣ ቆይ ልድገመው አልኩ፤ ደግሞም ልድገመው።

አንድ ቀን መንጠቆ እግራቸውን ቧጥጧቸው መጡ።

«ዶክተር፣ ሶደሬ ሄጄ ፍል ውሃው ውስጥ ብነክረው ምን ትለኛለህ፣ ልጄ?»

ዶክተር አይደለሁም አላልኩም። እኛ ዘንድ መድኃኒት ያላዳነው ሁሉ ሶደሬ ይሄዳል። ግን ሰው በሞላው ገንዳ ውስጥ ክፍት ቁስል! ሴሎቻቸው እንደማይዋጉላቸው ያየሁት እኔ፣ የማውቀው እኔ ብቻ። ቁስሉ ቢያመረቅዝስ ሴሎቹ ይነቁ ይሆን? ይህን ማየት ፈለግሁ።

«ይሂዱ ኦቦ፣ ምንም አይሆኑም። ሲመለሱ ግን እኔ ዘንድ ብቅ ይበሉ።»

«ገለቶሚ!» ብለው በኦሮምኛ አመስግነው መረቁኝ።

በሳምንቱ በቃሬዛ መጡ። እግራቸው እስከ ጉልበት አብጧል፣ ገላቸው ይፋጃል። እኔ ምን አደረግሁ? ሐኪም ጠራሁ? መርፌ አነሳሁ እንጂ! ያድነኛል ብለው ክንዳቸውን ራሳቸው ዘረጉልኝ። ሮጬ ደሙን ከእርሾ ጋር አየሁት። ሴሎቹ አልነቁም። ከማይክሮስኮፑ ቀና ስል ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ እሪ ስትል ሰማሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም፤ የዘመኑ የዘመኑ ነው፣ ኦቦ ገመዳ ግን የእኔ ናቸው። ይቅር ይበሉኝ ለማለትም አፌ አይደፍርም። እስካሁን ድረስ፣ ስማቸው በተነሳ ቁጥር፣ ከእንባዬ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያው ጥያቄ ነው፤ ለምን አልነቁም?