የአትክልት የድድ አጥር

አትክልት የቡራዩ መሬት ደላላ ነበር፤ እንጀራውም ሳቁ ነው። የፊት ጥርሶቹን ብልጭ አድርጎ ሲስቅ ረግረጉ ሁሉ ቪላ መስሎ ይታያል። ምን ያደርጋል! የድድ በሽታ አጥንቱን ከሥር በልቶበት እነዚያው ጥርሶች ይነቃነቁ ጀመር። አፉ ባዶ የሆነ ደላላ ማን ያምናል? ሰውዬው እንቅልፍ አጣ።

አዲስ አበባ ገብቶ ዶክተር ቢታንያ የምትባል የጥርስ ሐኪም ዘንድ ቀረበ።

«ድድ ቶሎ ያድጋል፤ አጥንት ግን ቀስ ይላል» አለችው። «ድዱ ቀድሞ የአጥንቱን ቦታ እንዳይዝ መሃላቸው ስስ ሽፋን እናስገባለን።»

«አጥር ነው በሉኛ፣ ዶክተር!» አለ። ስንቱን አጥሯል፣ ይሄ ይጠፋዋል?

ሽፋኑ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በራሱ ሟሙቶ ይጠፋል፣ ሌላው ሥራውን ሲጨርስ በሐኪም ይወጣል። በራሱ የሚጠፋ አጥር! ወግ ነው! የማይሟሟውን አስገባ።

«እስኪወጣ ድረስ ለስላሳ ምግብ ብቻ። ሽፋኑ ከተነካ ጥርሶቹን አናተርፋቸውም» ብላ አስጠነቀቀችው።

አጥንቱ ገና ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ ፈነዳ። የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። ወጣቶቹ «መሬታችንን ማን ሸጠው?» ይሉ ጀመር። ማን እንደሸጠውማ አገር ያውቃል። የአዛውንቱን ገበሬ የኦቦ ቱፋን ማሳ በሳቅ አደንዝዞ በርካሽ ያስሸጠው እሱ ነው። ሽማግሌዎች «ሳይብስ ታረቅ» ብለው አዛውንቱ ቤት ወሰዱት።

ይቅርታ ተባለ፣ ጥብስ ቀረበ። ኦቦ ቱፋ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉ።

«ኩኖ፣ እንካ ጉረስ! በሞቴ!»

አትክልት ላብ አጠመቀው። የእርቅ ጉርሻ እምቢ ማለት እርቁን እምቢ ማለት ነው። «ኦቦ፣ ይተዉኝ፤ ጥርሴን አሞኛል» አለ በልመና።

«መሬቴን ስትውጥ መች አመመህ?»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። አማራጭ አልነበረውም፤ አፉን ከፈተ። የገበሬ አውራ ጣት ጉርሻውን ገፍቶ ገባ፣ ከድዱ ሥር አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። በምላሱ ዳሰሰው። አጥሩ ተነቅሏል፤ ሐኪሟ ከተዘጋው መንገድ ማዶ ናት። ጥርሶቹ እንዳበቃላቸው ገባውና እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«አያችሁ? ከልቡ ተጸጽቷል!» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ኦቦ ቱፋም አንጀታቸው ተላወሰ። ጉርሻ ደግሞ በአንድ አይቀርምና፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ከመጀመሪያው የገዘፈ ሁለተኛ ይጠቀልሉ ጀመር።