መንገድ ተሻግራ የመጣች ፀሐይ

የሰፈሩ ሰው እትዬ ሻማ ይላታል። ፀጉሯ የሸበተው ሻማ ስትሸጥ ነው። ጠባቧ ሱቋ ፊቷ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የምትፈራው የጠዋቷን ፀሐይ ብቻ ነበር። ማለዳ ሸራውን ታወርዳለች፣ ረፋዱ ላይ ትሰበስባለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ጥላ ነው።

ከመንገዱ ማዶ ታናሽ እህቷ ጫማ ትሸጣለች። እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻት እትዬ ሻማ ናት። «ከአፌ ነጥቄ ነው ያበላኋት» ትላለች ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ። ታናሿ ይህን ስትሰማ ጫማዋን መወልወሏን ትቀጥላለች።

የታናሿን ሱቅ ግን የከሰዓቷ ፀሐይ ፊት ለፊት ነበር የምታገኘው። ጥቁሩ ጫማ ቡናማ እየሆነ፣ ማስቲሹ እየለቀቀ፣ ሶሉ አፉን ይከፍት ጀመር። መጋረጃ ሞከረች፤ እሱም በአንድ በጋ ተበልቶ አለቀ። በመጨረሻ ባለሙያ አምጥታ መስኮቱ ላይ ፀሐይ የሚመልስ፣ የሚያብለጨልጭ ስስ ላስቲክ አስለጠፈች። ውስጡ ቀዘቀዘ፤ ጫማው ተረፈ።

የተባረረችው ፀሐይ ግን መንገዱን ተሻግራ እትዬ ሻማ ሱቅ ገባች። ያን ዕለት ከሰዓት ረጃጅሞቹ ሻማዎች እንደ ለቅሶ ቤት ሰው አንገታቸውን ደፉ። ሸራውን አወረደች። ደንበኛው ደግሞ «ዘግታለች» እያለ ያልፍ ጀመር። ስትሰበስበው ሻማው ይቀልጣል፣ ስታወርደው ገበያው ይሞታል። ቢቸግራት ተሻገረች።

«እህቴ፣ ያንን ነገር አንሺልኝ። ዕቃዬን ፈጀው።»

«ፀሐይዋን እኔ አልፈጠርኳት።»

«የእናትሽ ልጅ አይደለሁም?»

ታናሿ የያዘችውን ጫማ አስቀመጠች። ነፍስ ካወቀች ጀምሮ «እትዬ» እንጂ «አንቺ» ብላት አታውቅም ነበር።

«አንቺ፣ ገበያ መሃል ስትቸረችሪ ጃንጥላውን ማን ነበር የሚይዘው?»

«ያኔማ… ልጅ ነበርሽ።»

«ልጅ ነበርኩ። ጥላው ለሻማው፣ ፀሐዩ ለእኔ። ተዝለፍልፌ የወደቅኩ ቀን ቀድመሽ ያነሳሽው ምኑን ነበር?»

እትዬ ሻማ ቀኑን ታስታውሳለች። ሻማውን ነበር።

«ድህነት ነው እንዲያ ያደረገኝ። የበላሽውም እኮ ከዚያው ሻማ ነው» አለች።

«በላሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

ሱቁ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም።

እትዬ ሻማ ዳግመኛ ላትለምን ማለች። ይልቅ በየደጁ «ጡት ነካሽ» እያለች ስሟን ታጠፋ ጀመር። ይህን የሰማች ዳቦ ሻጭ ለማስታረቅ ወደ ታናሿ ብትሄድ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብላ መለሰቻት። በጋው ሳያልቅ ነጩና ቀዩ ሻማ እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጓል ሆነ። እትዬ ሻማ ያንን በኪሎ ሸጠችና ሱቋን ለቀቀች። የመጨረሻውን ካርቶን አቅፋ ስትወጣ ታናሿ በሯ ላይ ቆማ ታያት ነበር፤ «አንድ ጎኑን ላንሳልሽ» አላለቻትም።

ሱቁን ፀጉር አስተካካይ ተከራየው። ብዙም ሳይቆይ ዳቦ ሻጯ ወሬ ይዛ እትዬ ሻማ ቤት ደረሰች።

«ላስቲኩ እኮ ተነሳ!»

«ማን አነሳው?»

«እህትሽ ናታ! ሰውየው ሄዶ ‹ብርሃኑ የደንበኞቼን ዓይን አስቸገረ› ቢላት፣ በዚያው ቀን አስላጠችው። በቦታው የቆርቆሮ ጥላ አሠራች፤ ለጫማውም ለሰውየውም ተስማማ።»

«ምን አለችው?»

«‹ውይ ወንድሜ፣ ይቅርታ! ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ› አለችው።»

እትዬ ሻማ ደግማ አስነገረቻት። ከዚያ ብድግ ብላ በሩን ከፈተች።

«ውሸታም! ውጪልኝ!»

ዳቦ ሻጯ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወጣች። ደግነቷ እንዲህ መመለሱ ገርሟት እስከ ቤቷ ድረስ ለብቻዋ ስታወራ ሄደች። እትዬ ሻማ ከዚያ ወዲህ ከእሷ ዳቦ ገዝታ አታውቅም።