ሽማግሌ የሚያስቀድመው መስመር

ከአገር የወጣሁ ማታ አባባ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥተው ሊሸኙኝ ኤርፖርቱ በር ላይ ቆመዋል፤ እኔ ደግሞ ፍላሼ የትኛው ቦርሳ ውስጥ እንደሆነ እፈልጋለሁ። በቅጡ እንኳ አልሳምኳቸውም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ፍላሹ ላይ አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስሠራ የጻፍኩት የወረፋ ሲሙሌሽን አለ። ማለቴ፣ ስንት ሰው ይመጣል፣ ስንት መስኮት ይከፈት፣ ማን ስንት ደቂቃ ይቆማል የሚለውን አስቀድሞ በኮምፒውተር የሚያሳይ ፕሮግራም ነው።

አሜሪካ፣ ዳላስ ስገባ ግን ስለ እሱ ማን ጠይቆኝ። አምስት ዓመት ዩለስ የምትባል የዳላስ ጎረቤት ከተማ ተቀምጬ ኤርፖርት ፓርኪንግ ሠራሁ፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገኝ ሴትዮ፣ እዚያ አስፋልት ላይ ተጠበስኩ። ሲትዝንሺፑን አገኘሁ፤ አባባን ለማምጣት የቀረኝ ቋሚ ሥራ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ክሊኒኮች የሚያስተዳድር አንድ ድርጅት በኮንትራት ወሰደኝ። አለቃዬ ግሬግ ፕሮግራሜን ወደደው።

«ግን እዚህ ሌላ ነገር ኢንስቶል አይደረግም» አለኝ። «ያለን ዳታቤዝ ነው። በእሱ ቋንቋ ጻፊው።»

«ዳታቤዝ መዝገብ ነው። ወረፋ ማስያዝ አያውቅም።»

«አስተምሪው። ከሠራ ቋሚ ትሆኛለሽ።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እሺ አልኩ። ዳታቤዝ የሆነውን ይመዘግባል እንጂ የሚሆነውን አይጠብቅም። ሶ፣ ሰዓቱን ራሱን ቴብል ውስጥ አንድ ረድፍ አድርጌ ጻፍኩት፤ አንድ ሰው በመጣ ወይም በተስተናገደ ቁጥር ረድፉ ወደፊት ይዘላል። አራት ወር ፈጀብኝ፣ ዓይኔም ጠፋ።

ውጤቱን ከክሊኒኩ እውነተኛ መዝገብ ጋር ሲያስተያዩት አልገጥም አለ። ግሬግ ጠራኝ።

«ይሄ የፕሮግራምሽ መስመር ምንድን ነው? ከሰባ ዓመት በላይ ያለውን ወደፊት ያሳልፋል።»

«ሽማግሌ ናቸዋ።»

«ድንገተኛ ሕመም አለባቸው?»

«የለባቸውም። ሽማግሌ ናቸው።»

«እንዲህ አድርጊ ያለሽ ማነው?»

ማን ይለኛል? ከፍላሹ ሳሻግረው ሕግ መሆኑም አልታየኝም። እኛ ጋ አዛውንት ሲመጣ «ይለፉ» ይባላል፣ አለቀ። እዚህ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ግሬግም ጨዋ ሰው ነው። ለመከራከር ግን ደክሞኝ ነበር። መስመሩን ዲሊት አደረግኩት፤ ቁጥሩ ወዲያው ገጠመ። አርብ ዕለት ቋሚ ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ካለው አፓርትመንቴ ለአባባ ደወልኩ።

«ቋሚ ሆንኩ፣ አባባ። ፎርምዎን ላስገባ ነው።»

«ተመስገን። ተመስገን ልጄ።» አሉኝ። «ጉልበቴን ነው እንጂ የምፈራው። እዚያ ሐኪም ዘንድ ወረፋ አለ ይላሉ። መቆሙን አልችለውም።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ፎርም ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ግድ የለም» አሉ ራሳቸው መልሰው። «ሽበቴን ያየ ያሳልፈኛል።»

«ያሳልፍዎታል፣ አባባ» አልኳቸው።