ከበቅሎ ሶምሶማ የማይበልጥ ፍጥነት

በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሰቆጣ ውስጥ መኪና በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ኮሚቴ ግን አይቆጠርም። የውኃ ኮሚቴ፣ የችግኝ ኮሚቴ፣ የበዓል ኮሚቴ፣ የኮሚቴዎች አስተባባሪ ኮሚቴ። መምህር በመሆኔና የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለሚባል በአራቱም ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። የመንገድ ደኅንነት ኮሚቴ ሲቋቋም ግን ማንም ሳይጠራኝ ሄጄ ተመዘገብኩ። ሰዉ ለሕዝብ ያለኝን ፍቅር አደነቀ፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ሕዝቡን አስቤ አልነበረም። ትንሿ ልጄ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኩፍኝ ይዟት፣ ጆሮዋ መግል ሲቋጥር ከርሞ መስማት አቁማለች። ይህን የምናውቀው እናቷና እኔ ብቻ ነን። ለአስተማሪዋ «ዓይኗ ደከም ይላል፣ ፊት ያስቀምጡልኝ» ብዬ ዋሽቻለሁ። እውነቱን ብናገር ወደ ቤት ይዘሃት ግባ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ እንደ እሷ ላለ ልጅ የሚሆን ክፍል በአካባቢው አልነበረም። ደግሞም አፍሬ ነበር። ጠዋት እኔ አደርሳታለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ግን እኔ ዳገቱ ላይ ካለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለማልወጣ፣ እናቷም ገበያ ስለምትውል፣ ዋናውን መንገድ የምታቋርጠው ብቻዋን ነው። በዚያ መንገድ የእርዳታ ስንዴ የጫኑ መኪኖች ቁልቁል እየተወረወሩ ያልፋሉ። ፍሬናቸው ክላክስ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ «በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ፍጥነት ከሃያ ኪሎ ሜትር አይበልጥ» አልኩ። ሰብሳቢያችን፣ ሁሉን ነገር ከልማት አንጻር የሚያይ ሰው፣ መነጽሩን አወለቀ።

«ሃያ? ሕዝቡ እህል እየጠበቀ?»

ስንዴው በሃያ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ፃግብጂ ወረዳ ሳይደርስ መንገድ ላይ የሚበቅል ይመስል።

ሾፌሮቹን ወክሎ የመጣ አንድ ቀጭን ሾፌር ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ነቀለው። «መምህር፣ ሃያም በሉ ሠላሳ፣ ለኛ ያው ነው። የኔ የፍጥነት ቆጣሪ ዜሮ ላይ ደርቋል። ቆሜም ዜሮ ነው፣ ስበርም ዜሮ ነው።» በዚህ ስሌት ከእሱ የበለጠ ሕግ አክባሪ ሾፌር በአገሩ አልነበረም።

ከጭቅጭቁ ያዳኑን፣ በቅሏቸውን ደጅ አስረው የገቡ አንድ የሰቆጣ ዙሪያ ሽማግሌ ናቸው። «ምን በቁጥር ያጨቃጭቃችኋል፣ ልጆቼ? ከበቅሎ ሶምሶማ አይለፍ በሉት። ሶምሶማ የማያውቅ ማን አለ?»

ማንም አልነበረም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እኔም በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ ቃለ ጉባኤ ላይ አሰፈርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ «የማን በቅሎ?» ብሎ ጠየቀ። በዚህች ጥያቄ ሁለት ስብሰባ ሄደ። በመጨረሻ ሰብሳቢው በኮሚቴው የተረጋገጠ ሶምሶማ እንደሚያስፈልግ ወሰነ።

ሙከራው ቅዳሜ ተደረገ። ሽማግሌው በቅሏቸው ላይ ሆነው ከፊት፣ ቀጭኑ ሾፌር ባዶ መኪናውን ይዞ ከኋላ፣ እኛ ዳር ቆመን። ሶምሶማው ያምር ነበር፤ መኪናውም ጨዋ ሆኖ ተከተለ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ግን ሾፌሩ፣ እጁ ለምዶበት፣ ክላክሱን ለቀቀው። በቅሎዋ መንገዱን ትታ፣ ሽማግሌውን እንደ ተሸከመች በገበያው በኩል ተሰወረች። ከብዙ ቆይታ በኋላ በእግራቸው እየጎተቷት ተመለሱና «ያሁኑ ሶምሶማ አይደለም፣ እንዳትጽፈው» አሉኝ።

ሁሉም ሳቀ። ሰብሳቢው ግን ከነገሩ ትምህርት ወሰደ። «አያችሁ? ክላክሱ ይሠራል! በቅሎ እንኳ ሰምታ መንገድ ለቀቀች። ልጆቻችን ከበቅሎ ያንሳሉ?» ወዲያው ሶምሶማው ተሻረ። በምትኩ «ትምህርት ቤት ስለሆነ ክላክስ ያድርጉ» የሚል ታፔላ እንዲተከል ተወሰነ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንዲት የማትሰማ ልጅ አለች ማለት ይበቃ ነበር፤ የእኔ ናት ሳልልም ይቻል ነበር። ሁሉም እስክጽፍ ጠበቁኝ። ጻፍኩ፣ ፈረምኩም።

ከዚያ ወዲያ ሾፌሮቹ ሕግ ሊያከብሩ ከዳገቱ አናት ጀምረው ክላክሱን ይዘውት ይወርዱ ጀመር፤ ፍሬን መያዝ እንኳ ቀረ። ከጩኸቱ ብዛት አስተማሪዎች ትምህርት ያቋርጡ ነበር። በሰላም የምትማረው የእኔ ልጅ ብቻ ነበረች። እኔ በቻልኩበት ቀን ሆዴን አመመኝ እያልኩ፣ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ከክፍል እየወጣሁ ቁልቁል እሮጣለሁ። ርእሰ መምህሩ የኮሶ መድኃኒት አዘዘልኝ።

አንድ ቀን ዘገየሁ። ስደርስ የቀጭኑ ሾፌር መኪና ስንዴውን እንደ ጫነ መንገዱ መሀል ቆሟል። ልጄ ደብተሯን እያየች ከፊቱ ቀስ ብላ ታልፋለች። ከኋላው ሌላ መኪና በክላክስ ያብዳል፤ እሱ እጁን በመስኮት አውጥቶ እንዳያልፍ ይዞታል። ከተሻገረች በኋላ አየኝ።

«የርስዎ ልጅ ናት?»

«አዎ።»

«አትሰማም» አለኝ፤ መጠየቁ አልነበረም። «ታፔላው የተተከለ ሰሞን ክላክስ ባደርግ ባደርግ አልዞረችም። ለጥቂት ነው የተረፈችው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሰዓት ስደርስ እቆማለሁ። ለምን አልነገሩንም፣ መምህር? ለሌሎቹም እነግር ነበር።»

በየስብሰባው በሆዴ ስረግመው የከረምኩት ይህንን ሰው ነው። እኔ ዓመት ሙሉ የደበቅሁትን እሱ በአንድ ቀን አውቆታል። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ከመኪናው ወርዶ አጠገቤ ቆመ። «ልንገራቸው?» አለኝ። ንገራቸው አልኩት።

በሳምንቱ ሾፌሮች ሁሉ በሩ ላይ ሲደርሱ እርምጃ በእርምጃ ሆኑ። የዓመቱ መጨረሻ ደረሰና ሰብሳቢው ሪፖርት ያስጽፈኝ ጀመር። «ታፔላው ከተተከለ ወዲህ፣ በኮሚቴው ብርቱ ጥረት፣ ሾፌሮች ፍጥነት መቀነሳቸው ተረጋግጧል።»

እስከ «ብርቱ» ድረስ ጽፌ አቆምኩ።

«ታፔላው አይደለም» አልኩ። «ልጄ አትሰማም። የሚቆሙት ለእሷ ብለው ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው፣ እኔን ማየት ግን አልቻለም።

«ይሄ... ሪፖርቱ ውስጥ ይግባ፣ መምህር?»

«ይግባ» አልኩና ስሟን ጻፍኩ።