ዳሽቦርዱን ሳዳምጥ

ሮም ውስጥ ያገኘሁት ሥራ መኪና ማዳመጥ ነበር። እውነቴን ነው። ደንበኛ «ውስጡ ይንቋቋል» ብሎ ያመጣውን መኪና ከኦፊቺናው፣ ከጋራዡ፣ አውጥቼ እየነዳሁ፣ ድምፁ የዳሽቦርዱ ይሁን የበሩ ወይስ የወንበሩ ለይቼ፣ ከአሥር ነጥብ እሰጣለሁ። አለቃዬ ጆሮዬን ያደንቃል፤ ጉራዬም አይጣል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ታላቅ ወንድሜን ከቤት ከወሰዱት ሦስት ዓመት ሆኖታል። እናቴ በስንት ደጅ ጥናት ፈቃድ አግኝታ ለዓይኗ ሕክምና መጣች። በመጣች ቀን ጆሮዬ ሥር «የተቀበረበትን አውቄያለሁ፣ ብቻችንን ስንሆን እነግርሃለሁ» አለችኝ። አብረውኝ የሚኖሩትን የአገር ልጆች ፈርታ ነው፤ ማን የማን ጆሮ እንደሆነ አይታወቅም ነበር።

አሎራ፣ እንግዲህ፣ እናቴ ልትመለስ ሁለት ቀን ሲቀራት ለሥራ ስወጣ ከጎኔ አስቀመጥኳት። እዚህ ማንም አይሰማንም ብዬ ነው። የሳላሪያን መንገድ ይዘን ከከተማ እንደወጣን ጀመረች። ማን እንዳየው፣ በየት በኩል እንደወሰዱት። ይሄኔ ከመሪው ጀርባ ሲጥ ሲጥ የሚል ነገር ሰማሁ። ባልደረባዬ ሁለት ቀን ፈልጎ ያጣው ድምፅ ነው። አግኝቼ ላሳፍረው አልኩ። ስፈጥን ይጠፋል፣ ስቀንስ ይመጣል። በአንድ እጄ ዳሽቦርዱን ጫን፣ ለቀቅ አደርጋለሁ። እሷ ታወራለች፣ እኔ «እህ፣ እህ» እላለሁ።

ዝም ስትል ነቃሁ። «ሰማኸኝ፣ ልጄ?» አለችኝ። ጉንጯ በእንባ ርሷል።

«ሰምቻለሁ፣ እማዬ።»

«እኔ ሁለተኛ ላወራው አልችልም። አደራ እንግዲህ» ብላ ወንበሩን ተደገፈች። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ቀሏት አይቻት አላውቅም። ድገሚልኝ ማለት አፈርኩ። ነገ እጠይቃታለሁ አልኩ፤ ነገም አፈርኩ። እኔን ብሎ ወንድም! በዓመቱ እሷም አረፈች።

ደርግ ሲወድቅ ሰው ሁሉ የልጁን አጽም ፍለጋ ወጣ። እህቴ ስልክ ደወለች።

«እማዬ ‹ቦታውን ነግሬዋለሁ፣ ጊዜው ሲያልፍ ጠይቂው› ብላኛለች። የት ነው?»

እውነቱን ነገርኳት። መኪና እያዳመጥኩ ነበር፣ አልሰማኋትም አልኩ።

«እነሱ ሄደዋል እኮ። አሁንም ትፈራለህ?» አለችኝ።

ብምል ብገዘት አላመነችኝም። እስከ ዛሬ የደበቅኳት ይመስላታል።